ምስጋና ለመጽሐፍ ጫኝና አውራጆች

የጎንደር ወጣት አያነብም የሚል ሰው የልጁን ስልክ ከፍቶ አያውቅም። አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በፋሲል ግቢ ቤተ መጻሕፍት ለማቆም ድንጋይና ኖራ አስፈልጓቸው ነበር። አፄ ቴዎድሮስም ከጎንደር አድባራት የሰበሰቡትን ብራና መቅደላ ድረስ ማስጫን ነበረባቸው፤ በ1860 ዓ.ም. እንግሊዝ ዘርፎት ሄደ። የዛሬው ልጃችን ግን ፒያሳ ቁጭ ብሎ፣ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ፣ አንድ መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ ከቴሌግራም በአውራ ጣቱ ያወርዳል። ዘራፊ ቢመጣበት እንኳ ምንም አይጎድልበትም፤ አንዱንም አልከፈተውማ!

ሙያው ቀላል እንዳይመስላችሁ። የሌሊት ጥቅል ይገዛል፣ አላርም ይሞላል (ለፈተና ያልተነሣ ልጅ ለፒዲኤፍ ይነሣል)። 300 ገጽ መጽሐፍ በስልክ ካሜራ በቀለም የተነሣ ከሆነ ከ100 ሜጋባይት ሊያልፍ ይችላል፤ በኮምፒውተር የተተየበው ግን ብዙ ጊዜ ከ5 አይዘልም። ጀግናችን ትልቁን ይመርጣል፤ ክብደት አለዋ። ወርዶ ሲያልቅ ወደ «ሴቭድ ሜሴጅ» (ቴሌግራም ላይ ለራስ ማስቀመጫው) ይላካል፤ ሥርዓተ ቀብሩም እዚያው ይፈጸማል።

ለመክፈት የደፈረ ምስኪን ምን ይገጥመዋል? ገጹ ፎቶ ስለሆነ ቃል ቢፈልግበት አያገኝም። ሁለት ገጽ አብሮ ስለተነሣ ፊደሉ ከጤፍ ያንሳል፤ በሁለት ጣት ሲያሰፋው መስመሩ ከስክሪኑ ይወጣል፤ ወደ ቀኝ ገፍቶ ጨርሶ ወደ ግራ ሲመለስ የቱ መስመር ላይ እንደነበረ ይጠፋዋል። ታሪኩ በጦፈበት ገጽ ላይ ደግሞ የአንሺው ጣት ግማሽ አንቀጽ ሸፍኖ ይጠብቀዋል። ብልኁ ልጃችን ከማውጫው አልፎ ስለማያውቅ ይህ ሁሉ መከራ አላገኘውም፤ የሽፋኑን ስክሪንሾት «ሕይወቴን የቀየረ መጽሐፍ» ብሎ ስቶሪው ላይ ለጥፏል። ደራሲው? ደራሲውማ ደስ ይበለው፤ በነጻ ተነበበለት። ይቅርታ፣ ወረደለት።

አሳባቂው ራሱ ቴሌግራም ነው። ፋይል የሚቆይበት ጊዜ አንድ ሳምንት ተብሎ ከተሞላ፣ በሳምንቱ ውስጥ ያልተነካውን ከስልኩ ላይ ጠርጎ ያጠፋዋል። ልጃችን «ቫይረስ በላብኝ!» ይልና ግሩፕ ላይ ገብቶ «ያ መጽሐፍ ያላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ሃያ ሰው ተሽቀዳድሞ ይልክለታል። «እንዴት ነው ግን፣ መጨረሻው ምን ሆነ?» ያለ አንድ ነገረኛ ነበር፤ ከግሩፑ አስወጥተውታል።