ሽሮው የተወደደው መንገድ ላይ ነው

ዋሽንግተን ዲሲ 14 ዓመት ኖሬ ጎንደር ስገባ፣ በማግስቱ ፒያሳ ወጥቼ ምሳ በላሁ። ተማሪ ሳለን ሽሮ የምንበላባት ትንሽ ቤት አሁንም አለች። የዋጋ ዝርዝሩ ላይ የድሮው ዋጋ በነጭ ወረቀት ተሸፍኗል። በሱ ላይ ሌላ ወረቀት፣ በዚያም ላይ ሌላ።

ዲሲም ቢሆን የምግብ ዋጋ ንሯል። እ.ኤ.አ. በ2022 ሕዝቡ የአስተናጋጆች መነሻ ደመወዝ ከፍ እንዲል ድምፅ ከሰጠ በኋላ፣ ብዙ ምግብ ቤቶች ሂሳቡ ላይ የአገልግሎት ክፍያ መጨመር ጀመሩ። ቤተሰብ ይዞ ሐበሻ ቤት መብላት ለበዓል የሚቆይ ነገር ሆኗል። ቢሆንም ምን እንደተጨመረብኝ ደረሰኙ ላይ አነባለሁ።

እዚህ ጎንደር ግን የነገሩኝ የሽሮ ቤቷ ባለቤት ናቸው። «እትዬ፣ ምነው እንዲህ ተወደደ?» አልኋቸው።

«ልጄ፣ እኔ መች አስወደድሁት? ሽንኩርቱ መንገድ ላይ ተወዶ ይመጣል።»

እውነታቸውን ነው። ሽንኩርትና ቲማቲሙ ከፎገራ፣ በአዲስ ዘመን በኩል ይመጣል። ጤፉ እዚሁ ደምቢያ ይበቅላል። ሩቅ አይደለም። ግን መንገድ ሲዘጋ መኪናው ይቆማል፤ ቲማቲም ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም። ከተማ ከደረሰ በኋላም ከቅዳሜ ገበያ እስከሳቸው ጓዳ በባጃጅ እየተንገጫገጨ ነው። ሣጥኑ ሥር ያለው ይፈርጣል። የፈረጠው ይጣላል፤ ዋጋው ግን ተከፍሎበታል። የባጃጁ ልጅ ደግሞ ጎማና ኩሽኔታ በቀየረ ቁጥር ኪራይ ይጨምራል፤ አልፈርድበትም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ነዳጁም፣ ዘይቱም፣ ጎማውም በዶላር የሚገባ ነው። የኔ ዶላር የበረከተው በሳቸው ብር መርከስ ነውና፣ የምሳዬ ሂሳብ ረክሶ ሲታየኝ ደስ አላለኝም።

ዲሲም መንገዱ ይቦረቦራል። በክረምት ውኃ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ በረዶ ይሆንና አስፋልቱን ይፈነቅለዋል። ግን ለከተማው አስተዳደር በ311 ደውዬ እነግራለሁ፣ የማመልከቻ ቁጥር ይሰጠኛል፣ ቢዘገይም ይደፍኑታል። ለመንገድ የሚውለው የፌዴራል ቤንዚን ግብር እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በጋሎን 18.4 ሳንቲም ላይ ቆሟልና፣ እነሱም ገንዘብ ተርፏቸው አይደለም።

እኛም አገር በ1989 የመንገድ ፈንድ ተቋቁሟል። ነዳጅ ሲገዛ ለመንገድ ጥገና የሚቆረጥ ገንዘብ አለው። ስለዚህ የባጃጁ ልጅ ለመንገዱ ከፍሏል፤ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ጎማው ሲፈነዳ ደግሞ ድጋሚ ይከፍላል። ይህ ነው የሚቆጨኝ።

ፋሲል ግንብ ዙሪያው በኮሪደር ልማቱ አምሯል። ማታ በእግሬ ስዞር ልቤ ሞላ። ሽንኩርት ጭኖ ወደ ሠፈር የሚገባው ባጃጅ ግን የሚሄደው በዚያ በኩል አይደለም። ያ ጥንቃቄ የውስጥ ለውስጡ መንገድም እንዲደርሰው ከልቤ እመኛለሁ። ጉድጓዱን የሚያሳውቁበት አንድ ስልክ ቁጥር ቢኖር እንኳ መጀመሪያ ይሆን ነበር።

ተሰናብቼ ስወጣ እትዬ ነጭ ወረቀት በመቀስ ይቆርጣሉ። ከማክሰኞ ጀምሮ ሽንኩርት አልገባም።