ኧረ ጨዋታ ነው እኮ!

አሁን ቤት መግባቴ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንቴ ድረስ ገብቷል፣ እጄ የሚንቀጠቀጠው ግን ከብርዱ አይደለም፣ ከንዴት ነው። ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ያ ልጅ ዛሬም አደረገው። ማንን እንደምል የምታውቁ ታውቃላችሁ።

የአክስቴን ልጅ ስንት ጊዜ ለምኜው መሰላችሁ ዛሬ እሺ ብሎ ለጨዋታችን የመጣው። አናጢ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሚስማር ሲመታ ውሎ ደክሞት ነው የሚገባው፣ ግን ወሬ ከጀመረ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ጆሮውን ለሱ ነው የሚሰጠው። ጣርማበር ላይ ጉም ውስጥ ጅብ የተከተለውን ሲያወራ ሰምታችሁታል። ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ እኮ የወሬ ጨዋታ ነው፣ ማስተሩ ታሪኩን ይመራል፣ ሌላው የፈጠራ ሰው ሆኖ የሚያደርገውን ይናገራል፣ መሳካቱን ዳይስ ይወስናል። ለሱ አይነት ሰው ካልሆነ ለማን ነው?

ገና ከመቀመጡ ያ ልጅ «ዊዛርድ ይሁን» አለ። ለጀማሪ ዊዛርድ፣ አስማተኛ ማለት ነው! ገና አንደኛ ሌቭል ላይ 3 ካንትሪፕ የሚሉት ትንንሽ ድግምት፣ መጽሐፉ ውስጥ 6 ስፔል የሚሉት ትልልቁ፣ ከነሱ ደሞ የዛሬውን መርጠህ ታዘጋጃለህ፣ ስሎትህ፣ ማለት ስፔሉን የምትጠቀምበት እድል፣ ግን 2 ነው። ይሄን ደክሞት ለመጣ ሰው ማሸከም ምን የሚሉት ክፋት ነው? እኔ ፋይተር፣ ተዋጊውን፣ ሰጠሁት፣ ሰይፍና ጋሻ፣ አለቀ።

የነገርኩት ትንሽ ነገር ነው። ማድረግ የፈለከውን ንገረኝ፣ ባለ 20 ፊቱን ዳይስ ጣል፣ ይቺን ቁጥር ደምርበት፣ ሌላውን ለኔ ተወው። ነገሩ ቀላል ከሆነ ድምሩ 10 እንዲደርስ እጠይቅሃለሁ፣ መካከለኛ 15፣ ከባድ 20። ወዲያው ገባው። የፋይተሩ ቁጥሮች ያሉበትን ወረቀት አየት አደረገና «ጉልበቴ 16 ከሆነ 16 አልደምርም እንዴ? ለምን 3?» አለኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው እኮ! ከ16 ላይ 10 ቀንሰህ ለ2 ስታካፍል 3 ይመጣል፣ 16ቱ ራሱ ግን ጨዋታው በፈረንጅ 1974 ሲወጣ ባለ 6 ፊት ዳይስ 3 ጥለው ደምረው ያወጡት ከነበረው የቀረ ነው፣ ዛሬ ስራውን የሚሰራው 3ቱ ነው። ይሄን ልነግረው አፌን ስከፍት ያ ልጅ ሳቀ። በአፍንጫው!

እንግሊዝኛውን ደሞ ተዉት። ወረቀቱ ላይ ያሉትን ኢንተለጀንስና ዊዝደምን በአማርኛ ለመለየት ስንት ሰዓት ፈጀብኝ፣ በመጨረሻ አንዱ የተማረ ሰው ነው አንዱ የበሰለ ሰው ነው ስለው «እ፣ ገባኝ፣ አያታችን ሁለተኛው ነበራት» አለኝ። ከዚህ በላይ ማን ያስረዳል?

እሺ ጨዋታው ተጀመረ። ዋሻው አፍ ላይ ነን፣ ጉም ነው፣ ሽፍታው ወጣ። የአክስቴ ልጅ ከወንበሩ ብድግ ብሎ «አንገቱን አንቄ ወደ ገደሉ እወረውረዋለሁ!» አለ። ቤቱ በጩኸት ተናጋ፣ እናቴ ሳትቀር ከጓዳ ብቅ ብላ አየችን።

«ቆይ ቆይ» አለ ያ ልጅ። «ግራፕል ነው ሾቭ?»

«ምን?»

«መያዝ ነው መግፋት? እሱን ለይ መጀመሪያ። ለመያዝ ነጻ እጅ ያስፈልግሃል፣ አንተ ሰይፍና ጋሻ ይዘሃል። ለመግፋት ከሆነ 5 ጫማ ነው የምትገፋው። ገደሉ በስንት ጫማ ነው ያለው?»

«እኔ እንጃ... ሰውዬውን ልጥለው ነው የፈለግኩት።»

«ሩልሱን ሳታነብ ለምን መጣህ ታዲያ?»

ለምን መጣህ! በሰው ቤት ተቀምጦ፣ የእናቴን ቡና እየጠጣ፣ ቆሎዋን እየቆረጠመ፣ በ7 አመት የሚበልጠውን ሰው «ለምን መጣህ»። ጋሼ ቀርቶ ወንድሜ እንኳን የለም።

እኔስ? እኔ ምን አልኩ? «ቆይ የሩልሱን መጽሐፍ ፒዲኤፍ ልየው» አልኩ። ከ300 በላይ ገጽ በስልክ እያሸበለልኩ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ጠበቀኝ፣ ያ ልጅ ደሞ የሩልሱን ቃል በቃሉ እየወጣ ነው፣ መብራቱም በዛው ሰዓት ሄደ። ማስተሩ እኮ እኔ ነኝ! «አትሌቲክስ፣ የጉልበቱን ማለቴ ነው፣ ጣል፣ ሽፍታውም ይጥላል፣ ከበለጥከው ገደል ገባ» ብል ያልቅ ነበር። ለማስተሩ የተጻፈው መጽሐፍ ራሱ አዛዡ ሩልሱ ሳይሆን አንተ ነህ ነው የሚለው። እያወቅኩ ነው ዝም ያልኩት፣ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

የአክስቴ ልጅ ቀስ ብሎ ቁጭ አለ። «እናንተ ተጫወቱ፣ እኔ አያለሁ» አለ። ከዛ በኋላ ቃል አልተነፈሰም። ያ ሰው! ቃል!

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወረቀት ላወጣ ሄጄ ከመስኮት መስኮት ሲያንከራትቱኝ ዋሉ፣ «መመሪያው አይፈቅድም»፣ መመሪያውን አሳዩኝ ስል የሚያሳየኝ ጠፋ፣ አመሻሽ ላይ ነገ ና ተባልኩ። እዛ ያለው ሰውና ዛሬ ቤቴ የነበረው ልጅ አንድ ናቸው። መመሪያ የሚወዱት ሰው ለማስቆም ነው።

አያቴ መንዝ ገበጣ ስታስተምረኝ መሬት ላይ ጉድጓዱን ቆፍራ፣ ጠጠሩን እጄ ላይ አድርጋ «አንድ አንድ እየጣልክ ሂድ» ነው ያለችኝ። በቃ። ስትበላኝ «ለምን?» እላለሁ፣ ያኔ ያቺን አንዷን ህግ ትነግረኛለች። ክረምቱ ሲያልቅ ሁሉንም አውቄው ነበር፣ አንድም ቀን ያልገባኝ ነገር አለ ብዬ አፍሬ አላውቅም። ገበጣ ቀላል የሚመስለው ካለ መጥቶ ይቁጠርልኝ። ሩልስ ይጥፋ አላልኩም፣ እኔም እወደዋለሁ፣ ሌሊት እየተነሳሁ ነው የማነበው። ግን መጀመሪያ ሰውዬው ሽፍታውን ገደል ይክተተው! የነጻ እጁን ነገር በሶስተኛው ቀን ይሰማዋል!

ይሄን እየጻፍኩ የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። ባለ 20ው ዳይስ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ቀርቶ አግኝቶታል፣ ለ5 ሰው ያለን አንድ እሱ ነው። «ይቺ ጠጠራችሁ እኔ ጋ ናት፣ ጠዋት ወደ ስራ ስሄድ ላምጣልህ?» አለኝ። አንተ ጋ ትቀመጥ፣ ቅዳሜ ሁለታችን ብቻ ሆነን እንጨርሰዋለን፣ ሽፍታው እዛው ቆሞ እየጠበቀህ ነው አልኩት።

ዝም አለ። ከዛ «አይ፣ ላምጣልህ» አለ።