ማጠቡ ጥሩ ነው፣ ግን መድኃኒቱ ላዩ ላይ ብቻ አይቀርም

«የግሪንሃውስ ቲማቲም ንጹህ ነው፣ በኮምጣጤ ማጠብ ይበቃል» የሚለውን አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። እኔ የአዳማ ልጅ ነኝ፤ ቆቃ አካባቢ አንድ እርሻ ላይ ሁለት ዓመት የፀረ-ተባይ መድኃኒት እረጭ ነበር።

ግሪንሃውስ ውስጥ ዝናብ አይገባም፣ ፀሐዩም በፕላስቲኩ ይቀንሳል። ስለዚህ የተረጨው ሜዳ ላይ ካለው ይልቅ ይቆያል። እንደ ማንኮዜብ ያለው የፈንገስ መድኃኒት ከላይ ስለሚቀመጥ ሲታጠብ በከፊል ይለቃል። እንደ ኢሚዳክሎፕሪድ ያለው የነፍሳት መድኃኒት ግን በተክሉ ውስጥ ይዘዋወራል፤ ኮምጣጤ እዚያ አይደርስም።

ዋናው ነገር ግን ከርጭት እስከ ለቀማ መጠበቅ ያለበት ቀን ነው። እያንዳንዱ መድኃኒት የራሱ ቀን አለው፣ መያዣው ላይ ተጽፏል። ቱታ የሚባለው ትል ከገባ ወዲህ ደግሞ ርጭቱ በዝቷል። ሐሙስ ማታ ረጭተን፣ ዋጋ ጨመረ ተብሎ ቅዳሜ ጠዋት አይሱዙ በር ላይ ቆሞ ያውቃል። ፍሬው ላይ ነጩ ዱቄት እንዳለ ሳጥን ውስጥ ስንደረድር ጓንት አልነበረንም፤ ጣቴ ምሳ ስበላ እንኳ ይሸተኝ ነበር። ያኔ መያዣው ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ የሚችል ከመሃላችን አንድ ልጅ ብቻ ነበር፣ በእንግሊዝኛ ነበራ!

የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ 674/2002 አለን። እኔ የምለምነው፣ የመጠበቂያው ቀን በአማርኛና በኦሮምኛ በትልቁ ይጻፍ፤ አትክልት ተራ ሳጥኑ ሲወርድም ናሙና ይወሰድ። ገበሬውን ብቻ አትውቀሱ፣ «ዛሬ ካልለቀምክ አልገዛም» የሚለው ደላላም አለበት።