ማን አረዳት?

ባለፈው ሳምንት ሠፈራችን ለቅሶ ነበር። በሠልስቱ ማታ ድንኳኑ ውስጥ አራት ሆነን አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠናል፤ የንፍሮው ሳህን ከእጅ እጅ ይዞራል። ጅዳ ያለችው ልጃቸው የእናቷን ሞት የሰማችው ከፌስቡክ ነው፤ ክርክሩም ከዚያ ተነሣ።

ሴትዮዋ ያረፉት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ሲሆን አንድ የጎረቤት ልጅ ፎቶአቸውን ከሻማ ጋር አድርጎ «እማማ፣ ነፍስዎን ይማር» ብሎ ለጠፈ። ልጅቷ የአሠሪዎቿን ልጆች ለትምህርት ቤት እያለባበሰች ስልኳ ጮኸ። የጻፈላት ሰው «አይዞሽ» ብቻ ነው ያላት። ምን ሆኜ ነው ብላ ፌስቡክ ከፈተች።

«መርዶ እኮ ወግ አለው» አሉ በዕድሜ የሚበልጡን፣ የእድሩ የቀድሞ ጸሐፊ። «ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌ ይላካል፣ ጎረቤት ቀድሞ ይነገረዋል፣ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው አጠገቧ ይቆማል። ይሄ ግን አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ በአውራ ጣቱ አረዳት!»

«የእድሩ ጥሩምባስ ጋሼ? እሱም ድንገት ነው የሚጮኸው» አለ ስልክ ጠጋኙ ልጅ።

«ጥሩምባ ወንዝ አይሻገርም። ከወንዙ ማዶ ላለ ሰው መልእክተኛ ይሄዳል።»

ባንክ የምትሠራዋ ጎረቤታችን ሕግ የለም ወይ አለች። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ፣ ቁጥር 1185/2012 አለ። እሱ ግን ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የሐሰት ወሬ በሚነዛ ላይ ነው የሚከብደው። የኛ ልጅ የጻፈው እውነት ነው፤ ጓደኞቹም ሦስት መቶ ቢሞሉ ነው። የልጅቷ ወንድም ሲጮኽበት ወዲያው አጥፍቶታል፤ ነገር ግን ስክሪንሹቱ የሠፈሩ ቴሌግራም ግሩፕ ገብቶ አድሯል።

«ዋትስአፕ እንኳ ከ2011 ጀምሮ አንድን መልእክት በአንዴ ከ5 ቦታ በላይ አላስተላልፍም ብሏል» አለች፣ ተስፋ ባለመቁረጥ።

«ለእሷ አንዱ በቅቷታል» አሉ ሽማግሌው።

ጠጋኙ ልጅ ግን አልበረደለትም። «እውነቱን እናውራ ጋሼ። ድሮ ዐረብ አገር ላለ ሰው መች ይረዳ ነበር? ‹ትንሽ አሟቸው ነው› እየተባለ እስክትመለስ ይደበቃል። አክስቴ ቤይሩት ሆና ለሞተ አባቷ የመድኃኒት ብር ስትልክ ሁለት ዓመት ከረመች። ይሄ ነው ወጉ?»

ጋሼ ንፍሮ ዘገኑ እንጂ አልመለሱለትም።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ያን ጠዋት አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ከልጥፉ ሥር «ነፍስ ይማር» ብዬ ጽፌያለሁ። ኮሜንት በበዛ ቁጥር ፌስቡክ ልጥፉን ወደ ሌላው ሰው ይገፋዋል፤ ለቅሶና ጭፈራን አይለይም። ጅዳ ካደረሱት እጆች አንዱ የኔ ሊሆን ይችላል። ጥሩምባ ነፊው እንኳ ቢያንስ በእግሩ ዞሮ፣ በር በሩን አይቶ ነው የሚነፋው።

ቢሆንም ፍርዴ ልጁ ላይ አይደለም። ማታ ሲበተን ወንድምየውን ለብቻው አግኝቼ ለምን ቀድመህ አልደወልክላትም አልኩት። «ኮንትራቷ ሊያልቅ ስምንት ወር ነው የቀራት፤ ስትመጣ ትስማ ብለን ነበር» አለኝ። ስምንት ወር! እህቱ በየምሽቱ ፌስቡክ ላይ የሠፈሩን ሠርግና ልደት የምታይ ሴት ናት። የጠጋኙ ልጅ አክስት ስልክ አልነበራትም፤ ይቺ አላት። የጎረቤቱ ልጅ ችኩል ነው፣ ሊቆጡት ይገባል። ቤተሰቡ ግን ሊደበቅ የማይችል ነገር ሊደብቅ ተስማምቶ፣ ለማርዳት የነበረውን ጊዜ ድንኳን በመትከል ጨረሰው።

ከሌሊቱ 8 እስከ ጠዋት 12፣ አራት ሰዓት ነው። የጅዳና የአዲስ አበባ ሰዓት ደግሞ አንድ ነው። እዚያው ጅዳ አብራት ያደገች የሠፈራችን ልጅ አለች፤ ማታ ማታ በስልክ ያወራሉ። ለእሷም የደወለላት ሰው አልነበረም።