ማስተርስ ያዝክ ማለት ፈቃድ ያዝክ ማለት አይደለም

ወንድሜ፣ «ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በትምህርት ቤት አመራር ማስተርስ የያዘ ሰው የርዕሰ መምህርነት ፈቃዱም አብሮ ይወጣለታል» ብለሃል። ይህን ጅማ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ቡና ስንጠጣም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ግን ስህተት ነው።

ዲግሪውን የሚሰጥህ ዩኒቨርሲቲው ነው። የሙያ ፈቃዱ ግን በትምህርት ቢሮ በኩል በሚካሄድ ምዘና የሚገኝ ሌላ ወረቀት ነው። ምዘናው ሁለት ነገር ያያል፦ የጽሑፍ ፈተናና ማህደረ ተግባር። ፈተናውን ሁሉም ይፈራዋል። ሰው የሚሸወደው ግን በማህደረ ተግባሩ ነው። ትምህርት ቤትህን እንዴት እንደመራህ በማስረጃ ታሳያለህ፦ ያወጣኸው ዕቅድ፣ መምህራንን ክፍል ገብተህ አይተህ የሰጠኸው ግብረ መልስ፣ ከወላጆች ጋር የተሰበሰብክበት ቃለ ጉባኤ። ይሄ በአንድ ሌሊት አይሰበሰብም። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ ግማሹን ቃለ ጉባኤ የት እንዳስቀመጥኩት እንኳ ጠፍቶኝ ነበር!

ደግሞ በክረምት የሚሰጠውን የትምህርት ቤት አመራር የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ከማስተርስ ጋር አታምታታው። እሱ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ የሚወሰድ፣ ለርዕሳነ መምህራንና ለሱፐርቫይዘሮች የታሰበ ሥልጠና ነው። ከማስተርስም ያጥራል።

ፈቃዱም ቢሆን አንዴ ከያዙት የዕድሜ ልክ አይደለም፤ እድሳት አለው። ስለዚህ ዘንድሮ ለማስተርሱ ልትመዘገብ ካሰብክ፣ ከትምህርቱ ጎን ለጎን አንድ ፋይል ክፈትና የሠራኸውን ሁሉ ከነቀኑ አስቀምጥ። ቦታው ላይ ለመመደብ ደግሞ ውድድሩ ለብቻው አለ።