መጀመሪያ ጀልባዋ ትውጣ

የጎንደር ልጅ ስለሆንኩ ባሕር ያየሁት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ዋናም የተማርኩት ቀሃ ወንዝ ውስጥ፣ ከእናቴ ተደብቄ ነው። ተማርኩ ካልን። ይኸው ዛሬ ሲድኒ ውስጥ የሕንፃ ንድፍ ቢሮ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ባለፈው ዓመት የደረሰኝ ሥራ ደግሞ የባሕር ዳር ነፍስ አድን ክበብ ቤት ነበር።

አውስትራሊያ ውስጥ እነዚህ ክበቦች የቆዩ ናቸው። ሲድኒ ውስጥ ቦንዳይ በሚባለው ባሕር ዳር ያለው የተቋቋመው በፈረንጆች 1907 ነው። ቅዳሜና እሑድ ቀይና ቢጫ ባንዲራ ተክለው ዋናተኛውን የሚጠብቁት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ነርስ አለ፣ ቧንቧ ሠራተኛ አለ፣ ተማሪ አለ። ሰው በሁለቱ ባንዲራዎች መሃል ይዋኛል። ከዚያ ወጣ ብሎ ማዕበል የማይሰበርበት፣ ጸጥ ያለ ውሃ ይታያል። ሰው የሚበላው እሱ ነው። ማዕበሉ ወደ ዳር ያመጣው ውሃ ተሰብስቦ ወደ ጥልቁ የሚመለሰው በዚያ በኩል ነው። የማያውቅ ሰው ግን የተሻለውን ቦታ ያገኘ ይመስለዋል።

እኔ በአበሻ ጭንቅላቴ መጀመሪያ የሣልኩት ሰፊ አዳራሽ ነው። ፊቱን ወደ ባሕሩ፣ ለእንግዳ የሚያምር ደረጃ ያለው። ከክበቡ አንዲት አሮጊት መጥተው ወረቀቱን ዐዩና «ጀልባዋ በየት ትወጣለች?» አሉኝ።

የአንድ ወር ሥራዬ ገደል ገባ።

ምድር ቤቱ የጀልባና ማዕበል ላይ የሚንሳፈፉበት የነፍስ አድን ሰሌዳ ማስቀመጫ ሆነ። በሩ ወደ አሸዋው የሚከፈት ነው፤ ደረጃ የለውም፣ ተዳፋት ብቻ። የመጀመሪያ ዕርዳታ ክፍሉ በኋላ በኩል አምቡላንስ በሩ ድረስ የሚጠጋበት ቦታ ተተወለት። ከመጠበቂያው ክፍል ባንዲራዎቹ ያለ ምንም ግርዶሽ መታየት አለባቸው። የባሕር ጨው ተራ ብረት ስለሚበላ ብሎን ሳይቀር ተመረጠ። ሻወሩም ውጭ ሆነ፣ አለበለዚያ አሸዋ ቱቦውን ይደፍነዋል። አዳራሹ ፎቅ ላይ ወጣ። ለሠርግ እየተከራየ የጀልባዋን ነዳጅ ይሸፍናል።

ለጥምቀት ጎንደር ስገባ ይህንን ለአጎቴ አወራሁለት።

«ደሞዝ የላቸውም?» አለኝ።

«የላቸውም ጋሼ።»

«እንግዲያ የእድር ቤት በለኛ!»

እውነቱን ነው፣ ድንኳንም ለሠርግ የሚያከራዩ እድሮች አሉን። ልዩነቱ የእኛው ድንኳንና ብረት ድስት የሚወጣው ሰውየው ካረፈ በኋላ መሆኑ ነው። ይህን ስለው «አንተ ደግሞ!» ብሎ ሳቀ።

ጥር 11 ፋሲለደስ መዋኛ ሄድን። ድሮ ውሃው እንደተባረከ ከሚዘሉት አንዱ ነበርኩ። አሁን ዓይኔ ሌላ ነገር ያያል። ቤቱ ገንዳው ውስጥ በቅስት ላይ ቆሟል፣ በድልድይ ይገባበታል። ያኔ የሠራው ሰው ውሃ ሲሞላ ምን እንደሚሆን አስቦበታል። እኛስ? በ2012ቱ ጥምቀት እዚሁ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ሰው ሞቷል። ውሃው ምንም አላደረገም። የገደለው ለማየት የሠራነው ነገር ነው። ቆሜ ያሰብኩት አንድ ልጅ ቢሰጥም ቃሬዛው በየት በኩል ያልፋል ብዬ ነበር። ግንቡን ታክኮ ሰው ጢም ብሏል። አጎቴ «ምን ተክዘህ ነው፣ እልል በል እንጂ» አለኝ።

በሳምንቱ ጎርጎራ ወረድኩ። ጣና ዳር ትንሽ የነፍስ አድን ቤት ቢኖርስ ብዬ ደብተሬ ላይ ጫር ጫር አደረግሁ። አሁንስ ተምሬያለሁ፤ ጀልባዋን አስቀደምኩ፣ ተዳፋቱን እስከ ውሃው አወረድኩ። አንድ ታንኳ ቀዛፊ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ተመለከቱት።

«ይኼ ውሃው ነው?»

«አዎ አባቴ።»

«ልጄ፣ ክረምት ሲወጣ ውሃው እዚህ አይቆምልህም። ቤትህ ውስጥ ይገባል።» ጣታቸውን ተዳፋቱ ላይ አሳረፉ። «ደግሞስ ጉማሬ ማታ ማታ ለግጦሽ በየት ይውጣ?»

ገጹን ቀደድኩት።