ዘር የሚጠይቅ ኮምፒውተር

አንድ ማታ የዝናብ ድምፅ ልሠራ ተቀመጥኩ። በማይክሮፎን ቀድቼ ሳይሆን በቁጥር። ባሪ ቨርኮ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሠሩት ሲሳውንድ የሚባል ፕሮግራም አለ። ቁጥር ትሰጠዋለህ፣ ድምፅ ይሰጥሃል። «ራንድ» የሚለውን የዘፈቀደ ቁጥር ትእዛዝ ጻፍኩ። በሰከንድ 44,100 የዘፈቀደ ቁጥር ተረጨና ከስፒከሩ «ሽሽሽ» የሚል ነገር ወጣ። ዝናብ ለመባል ይቀረዋል፤ ለመጀመሪያ ቀን ግን ምን አለበት?

ባለቤቴን ጠራኋት።

«ይሄን ስሚ! ይሄ ድምፅ ሁለተኛ አይደገምም።»

«እስቲ ድገመው» አለች።

ደገምኩት። ጆሮዬ ጠረጠረ። ሁለቱን ፋይሎች ከፍቼ አንዱን ከሌላው ቀነስኩና ውጤቱን አጫወትኩት። ጸጥ። ቁጥር በቁጥር አንድ ናቸው ማለት ነው።

«ይሄኛው ይሻላል» አለችና ሄደች።

ለካስ ኮምፒውተር ዘፈቀደ የሚባል ነገር አያውቅም። አንድ ቁጥር ይይዛል፤ ያባዛል፣ ይደምራል፣ ያካፍልና ቀሪውን ያወጣል። በወጣው ላይ ደግሞ ያንኑ ይሠራል። የመነሻው ቁጥር «ዘር» ይባላል። እኔ ካልቀየርኩለት ሁልጊዜ ከዚያው ዘር ይነሳል። ይታያችሁ፣ ማሽኑም መጀመሪያ የሚፈልገው ዘር ነው! ዘሩን ካወቅህ የሚለውን ሁሉ ሳይናገር ታውቀዋለህ። በሰው ላይ ይህን ስሌት የሚሞክሩ ሞልተዋል። በትክክል ሲሠራ ያየሁት ግን ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው።

ድሮ ዘፈቀደ በመጽሐፍ ይሸጥ ነበር። ራንድ የሚባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ1955 አንድ ሚሊዮን የዘፈቀደ አሃዞችን በሰንጠረዥ አሳትሟል። አራሚው ምን እያየ እንዳረመ እንጃ።

ሰንጠረዥ ካነሳን አጎቴን ማለፍ አልችልም። በድምፅ ሥራ ሰንጠረዥ የስንፍና ልጅ ነው። የሞገዱን ዋጋ በየቅጽበቱ ከማስላት አንዴ አስልተህ፣ በለው 1,024 ቦታ፣ ደርድረህ ታስቀምጣለህ። ከዚያ በተራ ቁጥሩ እየጠራህ ማንበብ ነው። አጎቴም መልሶቹን በወጣትነቱ አስልቶ ጨርሷል፤ አሁን እያነበበ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከሰንጠረዡ ውጭ ስትጠይቅ ነው። ቆጠራው ከ0 ስለሚጀምር 1,024ኛው የሚገኘው 1,023 ላይ ነው። ከዚያ ካለፍክ ፕሮግራሙ እንዳዘዝከው አንድም የመጨረሻዋን ዋጋ ሙጭጭ ይላል፣ አንድም ዞሮ ከመጀመሪያው ይነሳል። አጎቴ ዟሪ ነው። ስለ ኢንተርኔት ጠይቀው፣ ስለ ልጅነቱ ይጀምርልሃል።

ጎረቤታችን ደግሞ ሌላ ናት። በሁለት ቁጥሮች መካከል ያለ ቦታ ስትጠይቀው መሃሉን በቀጥታ መስመር ገምቶ የሚሞላ የሰንጠረዥ አነባበብ አለ። እሷም ሁለት ወሬ ከሰማች መሃሉን አታጣውም። ለድምፅ ግሩም ዘዴ ነው፣ ሸካራውን ያለሰልሳል። ለሰፈር ግን አልመክርም።

በማግስቱ ዘሩን ከ1 የሚበልጥ ቁጥር አደረግኩት። ያኔ ፕሮግራሙ መነሻውን ከኮምፒውተሩ ሰዓት ይወስዳል። ሁለቴ አስኬድኩ፣ ቀነስኩ፤ ውጤቱ ዜሮ አይደለም! እየሮጥኩ ባለቤቴን ጠራኋት። የመጀመሪያውን አሰማኋት፣ ሁለተኛውን አሰማኋት።

«ልዩነቱ ገባሽ?»

«ያው ሽሽሽ ነው» አለች፣ በሩን እየዘጋች።